«ለሁለት ደቂቃ ነው!» ብሎ እጮኛውን ያስቀየመው ወጣት

«ልንጋባ ሽማግሌ ልልክ ነበር፡፡ አሁን ስልኬንም አታነሳ፡፡ ጥፋቴ ደግሞ ሌላ ሴት አይደለም፤ መኪና ያቆምኩበት ቦታ ነው» ይላል ጉዳዩን ያጫወተን የአዲስ አበባ ወጣት፡፡ መጀመሪያ ሳቅን፡፡ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስንሰማ ግን ሳቃችን ጠፋ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የእጮኛው አባት የደብረ ሲና ሰው ናቸው፡፡ አንድ እግራቸውን በአደጋ ስላጡ የሚሄዱት በክራንች ነው፡፡ ለሕክምና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ጣርማ በርን አቋርጠው አዲስ አበባ ይመጣሉ፡፡ ልጃቸው ከሐኪም ቤት ስትመልሳቸው የሚበላ ነገር ልግዛ ብላ አንድ ሱፐርማርኬት ጎራ ትላለች፡፡ አባትም «እኔም ገብቼ ልይ» አሏት፡፡

በሩ አጠገብ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት የተቀባበት ቦታ ላይ ግን መኪና ቆሟል፡፡ ልጅቱ ምን ታድርግ? ቪትዟን ከግቢው ጥግ አቆመች፡፡ ዝናቡ እያካፋ ነው፡፡ አባት ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ክራንቹ አዳለጣቸውና ወደቁ! ብዙም አልተጎዱም፤ ነጭ ጋቢያቸው ግን ጭቃ በጭቃ ሆነ፡፡

ልጅቱ አባቷን ደግፋ ቀና ስትል የመኪናውን ታርጋ አየች፡፡ የእጮኛዋ ነው! እሱም ማታ ከአማቱ ጋር ሊተዋወቅ ቀጠሮ ስለነበረው ማር ገዝቶ እየወጣ ነበር፡፡ ጥበቃው «ቦታው የአካል ጉዳተኞች ነው» ሲለው «ለሁለት ደቂቃ ነው ባክህ!» ብሎት ነበር የገባው፡፡ አባት ማን መሆኑን ሳያውቁ «ተይው ልጄ፣ ሰው ይቸኩላል» አሉ፡፡ «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል ወጣቱ፡፡ የማታው ቀጠሮም በዚያው ቀረ፡፡

«ቦታው እኮ ባዶ ነበር፡፡ ይሄ ያስፈርዳል ወይ?» ሲል ጠይቆናል፡፡

ያስፈርዳል ወንድማችን! ያ ቦታ ባዶ የሚሆነው ባለቤቱ እስኪመጣ ነው፡፡ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ አንተም ጥበቃውም አታውቁም፡፡ «ሁለት ደቂቃ» ያልከው ለእሳቸው መውደቂያ በቂ ሆነ፡፡

ምልክቱን የነደፈችው ሱዛን ኮፎድ የተባለች ዴንማርካዊት ተማሪ ናት፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1968 ነበር፡፡ መጀመሪያ ሥዕሉ ጭንቅላት አልነበረውም፤ ክቡ ራስ የተጨመረለት በኋላ ነው፡፡ ዛሬ ምልክቱ ጭንቅላት አለው፤ በላዩ ላይ መኪና የሚያቆመው ሰው ነው የጎደለው!

ቦታው ከሌላው ሰፋ የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በአሜሪካ ደንብ ለመኪናው 2 ሜትር ከ44፣ ከጎኑ ደግሞ 1 ሜትር ከ52 ሳንቲ ሜትር ባዶ መተላለፊያ ይተዋል፡፡ በሩ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተ ተሽከርካሪ ወንበር አይወርድማ! ስለዚህ ያ መስመር የተሰመረበት ባዶ ቦታ የሞተር ሳይክል ማቆሚያ አይደለም፡፡ በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፡፡ በሩ ተሠርቶ መንገዱ በመኪና ከተዘጋ ግን ምን ይጠቅማል?

ለነገሩ ሕግ መጥቀስም ባላስፈለገ፡፡ ደብረ ሲና ሻይ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ሲገባ «ኖር!» ብሎ የማይነሳ ወጣት ማን አለ? አንተም ብትሆን አባትየው ፊት ለፊትህ ቢቆሙ ዘለህ ትነሳ ነበር፡፡ የመኪና ማቆሚያው ክፋቱ ሰውየው አለመታየታቸው ነው፡፡ ምልክቱ ገና ላልደረሰ ሰው አስቀድሞ የሚባል «ኖር» ነው፡፡

ሌሎቻችሁም ልብ በሉ! ከዚያ ቦታ ላይ ጤነኛ የሚመስል ሰው ሲወርድ ብታዩ ለስድብ አትቸኩሉ፤ የልብና የሳንባ ሕመም ከውጭ አይታይም፡፡ ቅር ካላችሁ ለጥበቃው ወይም ለሥራ አስኪያጁ በትሕትና ንገሩ፡፡ ባለሱቆችም ቦታውን የካርቶን መከመሪያ አታድርጉት፡፡ ጥበቃዎችም በጉርሻ አትሽጡት፡፡

ወደ አንተ እንመለስ፡፡ ለልጅቱ መልእክት ማዥጎድጎዱን ተው፤ የወደቁት አባቷ ናቸው፡፡ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ራስህ ደብረ ሲና ውረድ፡፡ «ያ የቸኮለው ሰው እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» በል፡፡ «አላየሁም ነበር» ብለህ አትዋሽ፤ ጥበቃው ነግሮሃላ! አባት ይቅር ቢሉህም ልጅቱ ጊዜ ትፈልግ ይሆናል፤ አትጨቅጭቃት፡፡

ማሩንም ይዘህ ሂድ፡፡ መኪናህን ግን ደጃፋቸው ላይ ገትረህ መግቢያ እንዳትዘጋባቸው አደራ!