ሦስት ዓመት ብቻ የኖረው የመኪና ሲኒማ

ሲኒማ ቤት ሲባል ወደ አብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ የተደረደረ ወንበርና ጨለማ ነው። ነገር ግን ጣሪያም ወንበርም የሌለው፣ ተመልካቹ ከነመኪናው ገብቶ እዚያው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ፊልም የሚያይበት ሲኒማ ቤትም አለ። አሜሪካኖች “ድራይቭ ኢን” ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ከእነዚህ ሁሉ በፊት ለመኪና ብቻ ታስቦ ስለተሠራው የመጀመሪያ ቤት ነው። ይህ ሲኒማ ቤት በተከፈተ በሦስት ዓመቱ ተዘግቷል፤ ሐሳቡ ግን መላ አሜሪካን አዳርሷል። ታዲያ ቤቱ ሞቶ ሐሳቡ እንዴት ሊኖር ቻለ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በኒው ጀርሲ ግዛት ነው። ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የተባለ ሰው ካምደን ከተማ ውስጥ ለመኪና የሚሆኑ ቅባቶችና ማጽጃዎች በሚያመርተው የአባቱ ድርጅት ይሠራ ነበር። ዘመኑ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ የነበረበት፣ ከአራት አሜሪካዊ ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ ያጣበት ነው። ያም ሆኖ ሰዉ መኪናውንና ፊልሙን በቀላሉ መተው አልሆነለትም። ሆሊንግስሄድ “ሁለቱን ባገናኛቸውስ?” የሚል ሐሳብ መጣለት።

ሙከራውን ያደረገው ሪቨርተን በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው የገዛ ግቢው ውስጥ ነው። ፕሮጀክተሩን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ፤ ዛፎች መሐል አንሶላ ወጠረ፤ ከአንሶላው ጀርባ ሬዲዮ ከፈተና መኪናው ውስጥ ሆኖ ድምፁን አዳመጠ። ዝናብ ቢመጣስ ብሎም የሣር ማጠጫውን መኪናው ላይ ለቀቀው። ይሄ ሁሉ ብዙም አላስቸገረውም። ያስቸገረው ሌላ ነገር ነበር፤ መኪኖች ተደርድረው ሲቆሙ የፊተኛው የኋለኛውን ይጋርደዋል። አዳራሽ ውስጥ ረጅም ሰው ከፊታችን ቢቀመጥ አንገታችንን ዘንበል አድርገን እናያለን፤ መኪና ግን አንገት የለውም። ሆሊንግስሄድ የመኪናው የፊት ጎማዎች ሥር ጉማጅ እንጨት እየከተተ ፊቱን ቀና አደረገው። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ ከፊቱ ከቆመው መኪና ጣሪያ በላይ ማየት ይችላል። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ እንጨቱን በመሬት መተካት። ሜዳውን በስክሪኑ ዙሪያ በቅስት ረድፎች ከፍሎ እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ፊት ከፍ ያለ ተዳፋት ማድረግ።

ለዚህ አሠራር በ1932 ፓተንት የሚባለውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አመለከተ፤ ግንቦት 1933 ላይም ቁጥር 1,909,537 ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ጁን 6 ቀን 1933 ከካምደን አጠገብ ፔንሶከን በሚባለው አካባቢ 400 ያህል መኪኖች የሚይዘው ሲኒማ ቤት ተከፈተ። ዋጋው ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ ሰውም 25 ሳንቲም ሲሆን ጣሪያው አንድ ዶላር ነበር። ስለዚህ ሁለት ሰዎች 75 ሳንቲም ይከፍላሉ፤ አምስት ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ግን ከአንድ ዶላር በላይ አይጠየቅም። ማስታወቂያውም ያነጣጠረው ቤተሰብ ላይ ነው፤ ልጆች የቱንም ያህል ቢንጫጩ መምጣት ይችላሉ የሚል ነበር። ልጁ አለቀሰብኝ ብሎ የሚሳቀቅ ወላጅ፣ ልብስ መቀየር የሰለቸው ሰው፣ ሲጋራ ማጨስ የሚፈልግ ሰው፣ ሁሉም በራሱ መኪና ውስጥ ነጻ ነው።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ከሆነ ለምን ተዘጋ?

አንደኛው ችግር ድምፅ ነው። በጊዜው ድምፁ የሚመጣው ስክሪኑ ጋ ከተተከሉ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ነበር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ብርሃን ግን ወዲያው ይደርሳል ማለት ይቻላል። በዚህም ምክንያት ከስክሪኑ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ንግግሩን የሚሰማው የተዋናዩን ከንፈር ካየ ከሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ነው። ለኋለኛው ረድፍ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ቲኬት ያልቆረጠው ጎረቤት ሁሉ እቤቱ ተኝቶ ይሰማል።

ሁለተኛው ችግር ፊልም ማግኘት ነው። በጊዜው ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች የራሳቸው አዳራሾች ነበሯቸው፤ አዲስ ፊልም የሚሰጡትም በቅድሚያ ለእነዚሁ ነው። ሜዳ ላይ ላለ ሲኒማ ቤት የሚደርሰው ሌላው ዓይቶ የጨረሰው ፊልም ሲሆን ኪራዩም ርካሽ አልነበረም። የመክፈቻው ፊልም ራሱ “ዋይቭስ ቢዌር” የተባለ፣ ካለፈው ዓመት የመጣ ኮሜዲ ነው። በዚህ ላይ ፊልም የሚታየው ከመሸ በኋላ ብቻ ነው። በበጋቸው ፀሐይ ዘግይታ ትጠልቃለች፤ ቶሎ በሚመሽበት ክረምት ደግሞ ብርዱ ሰው አያስወጣም። በ1936 ቤቱ ተዘጋ።

የሚገርመው ግን በእነዚሁ ሦስት ዓመታት ሐሳቡ ወደ ሌሎች ግዛቶች መሻገሩ ነው። በ1934 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተከፈተው የሻንክዋይለር ድራይቭ ኢን ከ90 ዓመት በላይ ዘልቋል። በ1941 እያንዳንዱ መኪና ውስጥ የሚገባ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተሠራ፤ ከጦርነቱ በኋላም ተስፋፋ። የካምደኑን ቤት ያስቸገረው የድምፅ ችግር በዚህ ተፈታ። በ1948 ከአንድ ሺህ በታች የነበሩት የመኪና ሲኒማዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ከ4 ሺህ በላይ ሆኑ።

ሆሊንግስሄድስ ምን አገኘ? ፓተንቱ በእጁ ስለነበር የእሱን ተዳፋት የሚጠቀም ሁሉ እንዲከፍል ጠይቋል፤ አንዳንዶቹ ከፈሉ፣ ሌሎቹ አንከፍልም አሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1949 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፓተንቱ ዋጋ የለውም ሲል ወሰነ። የውሳኔው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ መቀመጫን በቅስት መደርደር ከጥንት ጀምሮ በቴአትር ቤት ያለ ነገር ነው፣ መሬትን ተዳፋት ማድረግም ማንኛውም ጥሩ መሐንዲስ የሚያደርገው ነው፣ ስለዚህ ፈጠራ ሊባል አይችልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይከፍል መሥራት ቻለ፤ ትልቁ ዕድገት የመጣውም በእነዚሁ ዓመታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። “የመጀመሪያው የመኪና ሲኒማ” የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1915 ኒው ሜክሲኮ ግዛት ላስ ክሩሰስ በምትባል ትንሽ ከተማ 700 መቀመጫ ያለው የአየር ላይ ቴአትር ተከፍቶ ነበር። ከመቀመጫዎቹ ሌላ 40 ያህል መኪኖች ገብተው የሚቆሙበትና ፊልም የሚያዩበት ቦታ ነበረው። እሱም አልሰነበተም፤ በ1916 ተዘጋ። እንግዲህ ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ ፊልም ያየበትን ቦታ ከሆነ የምንጠይቀው፣ ላስ ክሩሰስ በ18 ዓመት ይቀድማል። ሙሉ በሙሉ ለመኪና ታስቦ የተሠራውን ከሆነ ደግሞ የካምደኑ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ የካምደኑ ሲኒማ የተዘጋው ሐሳቡ መጥፎ ስለነበር ሳይሆን ሐሳቡ ከመሣሪያው ስለቀደመ ነው። ሆሊንግስሄድ የማየትን ችግር ፈታ፤ የመስማትን ሌሎች እስኪፈቱት ድረስ ግን ቤቱ መቆየት አልቻለም። እኛም ነገ ዜና ስንጽፍ “የመጀመሪያው” የምትለዋን ቃል ከማስቀመጣችን በፊት “በምን?” ብለን እንጠይቅ። የጀመረ፣ ያስመዘገበና የተጠቀመ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።