ኃይለኛው አሰልጣኝ፦ ሕይወቱና ማስታወሻው በኢትዮጵያ እግር ኳስ

ኃይለኛ አሰልጣኝ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ እንግዳ አይደለም። ልምምድ ላይ ያረፈደውን ኮከብ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፤ በእረፍት ሰዓት ቁጣው ከመልበሻ ክፍሉ ግድግዳ አልፎ ይሰማል፤ ጨዋታው አልቆ ማይክ ሲቀርብለት በሆዱ የያዘውን አያስቀርም። ተጫዋቹ በጊዜው ይማረርበታል፤ ጫማ ከሰቀለ በኋላ ግን «ሰው ያደረገኝ እሱ ነው» ይላል። ይሁን እንጂ ኃይለኛነት ሁለት አቅጣጫ አለው። በወጣት ተጫዋች ላይ መጮህ ብዙዎች የሚችሉት ነገር ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ባለሥልጣንና ወደ ፌዴሬሽን ዞሮ «አይሆንም» ማለት ግን ጥቂቶች ብቻ የደፈሩት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ አሰልጣኞች ታሪክ የሚመዘነው በዚህ በሁለተኛው ነው።

የዚህ ታሪክ መነሻ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ተሰማ እሸቴ ከጣልያን ወረራ በፊት ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር ባለቅኔና ዘፋኝ ነበሩ። ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፣ ለብሔራዊ ቡድን ተሰልፈዋል፣ የጨዋታውን ደንብ ወደ አማርኛ መልሰዋል፣ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነዋል፤ ቡድንም አሰልጥነዋል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ድረስ፣ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ ቀጥተኛ ቦታ ካላገኘች አትሳተፍም ብለው እ.ኤ.አ. የ1966ቱን ውድድር አህጉሩ እንዲተው ካደረጉት ሰዎች መካከል ነበሩ። የዘር መድልዎ የሰፈነባት ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፊፋ እስክትባረር ድረስም በየስብሰባው ሳይታክቱ ተሟገቱ። የአልኮልና የትምባሆ ድርጅቶች በአፍሪካ ኳስ ላይ እንዳይነግዱ፣ ወጣት ተጫዋቾችም ወደ አውሮፓ እየጎረፉ አህጉሩ ባዶ እንዳይቀር አስጠንቅቀዋል። ይህ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያቸው ዛሬ ሲታይ ከዘመኑ የቀደመ ነበር።

የይድነቃቸው ጠባይ ጎልቶ የወጣበት ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያና የያኔዋ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነች፤ ሁለተኛዋ የአቻነት ጎል የገባችው በ84ኛው ደቂቃ ነበር። በጭማሪው ሰዓት፣ በ101ኛው ደቂቃ፣ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለቡድኑ አምበል ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ። ይህ እንዲሁ በቀላሉ የሆነ አልነበረም። እንደሚተረከው፣ አባቱ ጣልያናዊ የሆነ ሰው የኢትዮጵያን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ መቀበሉ ያልተዋጠላቸው ሹማምንት አምበሉ እንዲለወጥ ጠይቀው ነበር። አሰልጣኙ ይድነቃቸው አሻፈረኝ አሉ፤ አምበሉም በቦታው ጸና። ብሔራዊ ቡድኑ እስከ ዛሬ ያገኘው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ የተነሣው በዚያ ሰው እጅ ነው።

ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ቤዝቦል ውስጥ የሆነው ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። በቤዝቦል የቡድኑ አሰልጣኝ ማናጀር ይባላል፤ እንደ ተጫዋቾቹ መለያ ለብሶ አብሯቸው ይቀመጣል። በአፉ ስለትና በተሳዳቢነቱ የታወቀው ሊዮ ዱሮቸር እ.ኤ.አ. በ1947 የብሩክሊን ዶጀርስ ማናጀር ሳለ አንዳንድ ተጫዋቾች ጥቁሩ ጃኪ ሮቢንሰን አብሯቸው እንዳይጫወት ሊፈራረሙ መዶለታቸውን ሰማ። በእኩለ ሌሊት ከመኝታ ቀስቅሶ ወጥ ቤት ውስጥ ሰበሰባቸውና የቆዳው ቀለም እንደማያገባው፣ ሮቢንሰን እንደሚጫወት ነገራቸው። ብዙም ሳይቆይ ከቁማርተኞች ጋር ባለው ግንኙነት ምክንያት ለአንድ ዓመት ታገደና የሮቢንሰንን የመጀመሪያ ጨዋታ ከሜዳ ሳያይ ቀረ። ይህን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ማስታወሻ ውስጥ ራሱ ተርኮታል። መጽሐፉ የወጣው ሙያውን ከተወ በሁለት ዓመቱ፣ ትዝታው ገና ትኩስ ሳለ ነበር። ከአሜሪካ ቤዝቦል እስከ እንግሊዝ እግር ኳስ፣ ስመ ጥር አሰልጣኝ ሥራውን ሲጨርስ መጽሐፍ መጻፉ የሙያው አካል እስኪመስል ድረስ ተለምዷል።

በኢትዮጵያ በኩል ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር ሊነጻጸር የሚችለው የራሱ የሉቺያኖ ቫሳሎ ማስታወሻ ነው። ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአስመራ ተወለዱ። አባታቸው ጣልያናዊ ወታደር ነበር፤ ልጁ ግን አባቱን ሳያውቅ ከኤርትራዊት እናቱ ጋር አደገ። በዚያ ዘመን ክልስ ልጅ ከጣልያኑም ከአገሬውም ወገን የሚገፋ ነበርና ኳስ ለእሳቸው መታያ ሆነቻቸው። በምድር ባቡር መካኒክነት እየሠሩ በአስመራ ክለቦች ተጫወቱ፤ በኋላም ወደ ድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ተሻገሩ። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሆነው ከ1951 እስከ 1962 ዓ.ም. በነበሩት የአፍሪካ ዋንጫዎች ደጋግመው ተሰልፈዋል። ቀጥለው አሰልጣኝ ሆኑ፤ በጣልያን በታወቀው የኮቨርቻኖ ማዕከል ተምረው ቅዱስ ጊዮርጊስንም ብሔራዊ ቡድኑንም ያዙ። ያዩትን ጉድለት በግልጽ የሚናገሩ ሰው ስለነበሩ ከአለቆች ጋር አልተስማሙም። ከአብዮቱ በኋላ እስር ደረሰባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በጅቡቲ በኩል አገር ጥለው ወጡ። ቀሪ ዘመናቸውን በሮም አቅራቢያ ልጆችን ኳስ በማስተማር አሳልፈው መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ።

ማስታወሻቸው ርእሱን የወሰደው ልጅ ለእናቱ ገንዘብ አምጥቶ ሲያስረክብ ከሚናገረው ቃል ነው። ዋንጫውን፣ ጎሉን፣ ንጉሡን ሁሉ ትቶ ድህነትንና እናትን ከፊት ማስቀደሙ ብቻውን ስለ ጸሐፊው ብዙ ይናገራል። ትልቁ ጉዳት መጽሐፉ የተጻፈው በጣልያንኛ መሆኑ ነው። የኢትዮጵያን ዋንጫ ያነሣው ሰው ታሪኩን ለኢትዮጵያ አንባቢ በአማርኛ ሊነግር አልቻለም፤ የተሰደደ ሰው በደረሰበት አገር ቋንቋ ይጽፋልና። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚና የሚያሳትም ድርጅት ቢገኝ ለስፖርት ታሪካችን ትልቅ ውለታ ነው።

በ1954ቱ ፍጻሜ አራተኛውን ጎል ያገቡት መንግሥቱ ወርቁ የጎንደር ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 በጎንደር ተወለዱ፤ በአዲስ አበባ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተው ስማቸው ከክለቡ ስም ጋር ተጣብቆ ቀረ። በ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ቱኒዚያ ላይ ሁለት፣ ግብፅ ላይ አንድ ጎል አግብተው ከግብፁ ባዳዊ አብደል ፈታህ ጋር የውድድሩን ኮከብ ግብ አግቢነት ተጋሩ። በአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ 10 ጎል አላቸው፤ ይህም ከውድድሩ ታላላቅ ግብ አግቢዎች ተርታ ያስቀምጣቸዋል። በአሰልጣኝነት ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አደረሱ። ውጤቱ መራራ ነበር፤ ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየ። እዚያ መድረሱ ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የታወቀው ግን በኋላ ነው፤ ኢትዮጵያ ወደዚያ መድረክ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። መንግሥቱ ያንን መመለስ ሳያዩ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. አረፉ።

ስለ ኃይለኛ አሰልጣኝ ሲነሣ ከእግር ኳስ ውጭ አንድ ስም መዝለል አይቻልም፤ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ። በሃንጋሪ ተምረው የመጡት እኚህ የአትሌቲክስ አሰልጣኝ በጥብቅ ዲሲፕሊናቸው ይፈሩ ነበር፤ የደራርቱ ቱሉ፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴና የቀነኒሳ በቀለ ትውልድ በእጃቸው አልፏል። በሩጫ ያ ጥብቅነት በሜዳሊያ ተከፍሏል። በእግር ኳስ ግን አሰልጣኙ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ውጤቱ የሚወሰነው በሜዳው ብቻ አይደለም።

ለዚህ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት የሰውነት ቢሻው ጊዜ ጥሩ ማሳያ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች፣ ዋልያዎቹ፣ በአዲስ አበባ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ ከተማው እስከ ሌሊት አልተኛም። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረቱ። ነገር ግን በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ስለነበር ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ፈረደ። ካርድ መቁጠር የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ የተቀጣው ግን ሜዳ ላይ የለፋው ቡድን ሆነ። ያም ሆኖ ቡድኑ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ፤ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 ተሸንፎ ከብራዚል ጉዞ ቀረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሰውነት ተሰናበቱ። ከጋዜጠኞች ጋር ፊት ለፊት ይከራከሩ የነበሩት እኚህ አሰልጣኝ ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ የመለሱ ናቸውና ሌላ ስንብት ይገባቸው ነበር።

ከእሳቸው በፊት «ጎራዴው» የሚል ቅጽል የወጣላቸው አሥራት ኃይሌ በ1994 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ውድድር የሆነውን የሴካፋን ዋንጫ አምጥተዋል። ከሰውነት በኋላ ደግሞ ውበቱ አባተ፣ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ለሊጉ ዋንጫ ያበቁት አሰልጣኝ፣ ብሔራዊ ቡድኑን ካሜሩን ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አድርሰዋል።

ውበቱ በጎንደርም አሻራ አላቸው። በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው ፋሲል ከነማ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከመጣ በኋላ በእሳቸው አሰልጣኝነት በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን ለጥቂት አጥቶ ሁለተኛ ሆነ። ለቀጣዩ ዓመት የመጡት ሥዩም ከበደ በኮሮና ወረርሽኝ የተቋረጠውን የውድድር ዘመን አሳልፈው፣ በ2013 ዓ.ም. አፄዎቹ የሚባለውን ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን አደረጉ። በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ የተደረጉት በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እንጂ በክለቦቹ ሜዳ ስላልነበር፣ በጎንደር ከአዘዞ እስከ ቀሐ ያለው ደጋፊ ቡድኑን የተከታተለው በቴሌቪዥን መስኮት ነበር። ዋንጫው ጎንደር ሲገባ የሆነው ደስታ የዚያ ናፍቆት ጭምር ነው። ፋሲለደስ ስታዲየም የአህጉራዊ ውድድር መስፈርት ስላላሟላ ክለቡ የአፍሪካ ጨዋታውን ባሕር ዳር ለማድረግ መገደዱም ከተማዋ ገና ያልተወጣችው ቁጭት ነው።

የአማርኛ የማስታወሻ ጽሑፍ በወታደሩ፣ በሚኒስትሩና በፖለቲከኛው ትረካ የበለጸገ ነው። የአሰልጣኙ ድርሻ ከዚያ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው። ታደለ ይድነቃቸው ስለ አባታቸው ሕይወት መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ጋዜጠኛው ፍቅሩ ኪዳኔ የራሳቸውን ትዝታ ከዘመኑ ስፖርት ጋር አያይዘው ጽፈዋል። አሰልጣኙ ግን በአብዛኛው የሚታወቀው በሬዲዮ ቃለ ምልልስና በደጋፊ ወሬ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ኮንትራቱ አጭር ነው፤ ዛሬ አለቃው የሆነው ነገ መልሶ ሊቀጥረው ስለሚችል እውነቱን መጻፍ እንጀራውን ያስፈራዋል። ስለዚህ ኃይለኛ የተባለው ሰው እንኳ በጽሑፍ ሲሆን ዝም ይላል፤ ዝምታውን ተከትሎም የስብሰባው፣ የምርጫው፣ የስንብቱ እውነተኛ ምክንያት አብሮት ይቀበራል።

ጎንደር ከዚህ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። የመንግሥቱ ወርቁን ልጅነት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች፣ በፋሲል ከነማ በየዘመኑ ያሰለጠኑና የተጫወቱ ሰዎች ባሉበት ከተማ ክለቡም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ የአካባቢው ጋዜጠኞችም ድምፃቸውን ሊቀዱ፣ ፎቶግራፋቸውን ሊሰበስቡ ይገባል። በቤቱ የቆየ የቡድን ፎቶ፣ የጨዋታ ፕሮግራም ወይም የአሰልጣኝ ደብተር ያለው ሰውም ሳይጣልና ሳይበላሽ ለሚጽፍ ሰው ያድርስ።