ቡናው ከመጫኑ በፊት ገንዘቡ ይረጋገጥ

በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና፣ በኢንተርኔት ጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሽጧል። ይህን የሰማ ማኅበር ገዢውን ራሱ በኢሜይል ቢፈልግ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በጨረታው ተጫራቾችን የሚመዘግበው አዘጋጁ ሲሆን፣ በራስ በተገኘ ገዢ ላይ ግን ማጣራቱ የመሪዎቹ ድርሻ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። አንድ ኮንቴይነር 320 ያህል ባለ60 ኪሎ ጆንያ፣ ማለትም 192 ኩንታል የአባላት ቡና ይይዛል። ገዢው «ከፍያለሁ» ብሎ የደረሰኝ ፎቶግራፍ ቢልክ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገንዘቡ መግባቱን የሚያረጋግጠው የሻጩ ባንክ ብቻ ነው። ከዋጋው አብልጦ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ገዢም አይታመንም፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ትርፉ ከተላከ በኋላ ነው።

የተሻለው መንገድ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ነው። የመጫኛ ሰነዶቹ በውሉ መሠረት ተሟልተው ከቀረቡለት የገዢው ባንክ ራሱ ለመክፈል ግዴታ ይገባል። ሆኖም ደብዳቤው መምጣት ያለበት በኢሜይል ሳይሆን በሻጩ ባንክ በኩል ነው። ባንክ ደግሞ የሚመረምረው ወረቀቱን እንጂ ቡናውን አይደለም። ክብደቱ ወይም የመጫኛው ቀን ከተጻፈው ቢለይ ክፍያው ሊታገድ ስለሚችል፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሰነዱን ቃል በቃል ቢያመሳክሩ ይበጃል። ሽያጩን የሚፈጽመው ዩኒየን ቢሆንም ውሉን ጠይቆ ማየት ነውር የለበትም።

ዋናው የመርከብ ጭነት ሰነድ በምንም ምክንያት በቀጥታ ለገዢው አይላክ። እሱን የያዘ ሰው ሳይከፍልም ቡናውን ከወደብ ሊያወጣ ይችላል።