የመጽሐፍ ዲዛይነር ማኅደር

የመጽሐፍ ዲዛይነር ማኅደር አንድ የገጽ አቀናባሪ ወይም የሽፋን ሠዓሊ በሥራው ላይ ያዘጋጃቸውና ከደንበኛው ጋር የተለዋወጣቸው ሰነዶች ስብስብ ነው። ረቂቅ ንድፎች፣ ያልተመረጡ ሽፋኖች፣ የእርማት ገጾች፣ ውሎች፣ ደብዳቤዎችና የኮምፒዩተር ፋይሎች በውስጡ ይገኛሉ። የታተመው መጽሐፍ የመጨረሻውን ውሳኔ ብቻ ሲያሳይ፣ ማኅደሩ ግን ውሳኔው ላይ እንዴት እንደተደረሰ ያሳያል። «ማኅደር» የሚለው ቃል ራሱ የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ መያዣ ስም ነው።

የዲዛይነርና የደንበኛ ግንኙነት

የዲዛይነሩ ደንበኛ አሳታሚ ድርጅት ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ደራሲያን የኅትመት ወጪውን ራሳቸው ስለሚሸፍኑ ደንበኛው ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። የገጽ ብዛት ደግሞ ዋጋን ይወስናል። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ገጽ ጥራዞች ስለሚታተም፣ 208 ገጽ ያለው ሥራ በ13 ጥራዝ ያልቃል፤ 212 ገጽ ከሆነ ግን ለ4 ገጽ ሲባል ተጨማሪ ወረቀት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ዲዛይነሩ ፊደሉን ያሳንሳል ወይም ኅዳጉን ያጠብባል። አንባቢው የፊደሉን ማነስ ብቻ ያያል፤ ምክንያቱ የሚገኘው በማኅደሩ ውስጥ ነው።

ታሪክ በኢትዮጵያ

በብራና ዘመን ግንኙነቱ በቁም ጸሐፊውና መጽሐፉን ባጻፈው ሰው መካከል ነበር። ያጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል ወይም በመጽሐፉ መጨረሻ ይገባል፤ አንዳንዴም የጸሐፊው ስም አብሮ ይጠቀሳል። መጽሐፉ ባለቤት ሲቀይር የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች አሉ። በዚህ መንገድ የውሉ ምስክር በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ይቀር ነበር።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአማርኛ መጽሐፍ ኅትመት እየተስፋፋ ሄደ፤ ገጹን የሚያደራጁትም ፊደል ለቃሚዎች ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሠዓሊያንን ማሠልጠን ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ የገጽ ቅንብር ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ወደ ትናንሽ የጽሕፈትና የዲዛይን ቤቶች ገባ። ከዚያ ወዲህ የሥራው ማኅደር በአብዛኛው የአንድ ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፎልደር ነው።

የሕግ ሁኔታ

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ በአገር ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (በተለምዶ «ወመዘክር») እንዲገባ አዘዘ። ይህ የታተመውን መጽሐፍ ከመጥፋት ይጠብቀዋል፤ ረቂቆቹንና ፋይሎቹን ግን አይመለከትም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ስለዚህ ውሉ ፋይሎቹን ማን እንደሚይዝ፣ ያልተመረጡት ንድፎች የማን እንደሆኑና የዲዛይነሩ ስም የት እንደሚጻፍ ቢገልጽ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ያድናል።

የዲጂታል ፋይሎች ችግር

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ መጻሕፍት እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የራሳቸው የኮድ አሰጣጥ ባላቸው ፎንቶች ይለቀሙ ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት በአማርኛው ምትክ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይታያሉ። ብዙ መጻሕፍት የተቀናበሩበት ፔጅሜከርም ከስሪት 7.0 በኋላ አዲስ ስሪት አልወጣለትም። ሊብሬኦፊስ የተወሰኑ የፔጅሜከር ፋይሎችን ይከፍታል፤ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ግን ለብቻው መሠራት አለበት።

ስለዚህ ዋናው ፋይል፣ የተጠቀመበት ፎንት፣ ለኅትመት የተላከው ፒዲኤፍና የደንበኛው የእርማት መልእክቶች በአንድ ላይ፣ ቢያንስ በ2 የተለያዩ ቦታዎች መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ፋይሉ ከጠፋ መጽሐፉን ዳግም ለማሳተም የሚፈልግ ደራሲ ጽሑፉን እንደገና ለማስለቀም ይገደዳል፤ በዚህም አዳዲስ የፊደል ስሕተቶች ይገባሉ።

በሌላው ዓለም

ጀርመናዊው ያን ቺሾልድ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1949 በእንግሊዙ ፔንግዊን አሳታሚ ሠርቷል። በዚያም ለፊደል ለቃሚዎች የሚሆን የአሠራር ደንብ አዘጋጅቶ የመጻሕፍቱን ገጽታ ወጥ አድርጎታል። የፔንግዊን ማኅደር በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እንዲህ ያሉ ስብስቦች ተመራማሪዎች አንድ ገጽ ለምን እንደዚያ እንደተቀናበረ ከሰነድ እንዲያረጋግጡ ያስችላሉ።