የሞላሌ ጠላ፦ ከአሻሮ እስከ ጣሳ

በአገራችን የገጠር ከተሞች የጠላ ቤት ማስታወቂያ ጣሳ ነው። ደጃፍ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ጣሳ ከተደፋ ጠላው ደርሷል ማለት ነው፤ ጣሳው ከወረደ አልቋል። ጠማቂዋም፣ ሻጯም፣ አሳላፊዋም ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ናት። በመንዝ ማማ ምድር፣ ሞላሌ ላይ የሚጠመቀውን ጠላ ለመቅመስ የሚሄድ ሰው ከጣሳው በፊት ገብሱን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሞላሌ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት። ማሽላ በማይደፍረው ውርጭ ገብስ ይበቅላል፤ በበልግም በመኸርም ይዘራል። ይኸው ገብስ እንጀራ፣ በሶ፣ ቆሎና ገንፎ ይሆናል፤ የድግስና የማኅበር ድርሻው ደግሞ ወደ ጋን ይገባል። ሌላው አገር በማሽላ፣ በበቆሎ ወይም በዳጉሳ ይጠምቃል፤ የደጋው ጠላ መሠረቱ ገብስ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከጋኑ ነው። በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠብና በሚጨስ የወይራ ፍልጥ ላይ ይደፋል። ጭሱ ጋኑ ውስጥ የተደበቀውን ተህዋስ ያዳክማል፤ መዓዛውም በኋላ ጠላው ላይ ይወጣል። ቀጥሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከጥቂት ብቅል ጋር በውሃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል። ብቅል ተነክሮ፣ ጎንቁሎ፣ ደርቆ የተፈጨ ገብስ ነው፤ እህሉ ሲጎነቁል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ያወጣል። ጥንስሱ እስኪበስል የሚቀረው ገብስ ይቆላል። ይህ አሻሮ ነው። አሻሮው ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ምጣድ ላይ ሲታመስ እንኩሮ ይሆናል። እንኩሮው ሲቀዘቅዝ ከጥንስሱ፣ ከብቅሉና ከጌሾው እንጨት ጋር ተደባልቆ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ከቆየ በኋላ ውሃ ይጨመርበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። እርሾ ከሱቅ አይገዛም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ራሱ ይመጣል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና አረፋ ይሠራል፤ ብርድ ስለሚያዘገየው በደጋ መታገሥ ግድ ነው።

ጌሾ ከሌለ ጠላ የለም። የቢራ ፋብሪካዎች ሆፕ የሚባለውን አበባ የሚጨምሩበትን ሥራ እኛ ዘንድ የሚሠራው እሱ ነው፤ ያመርራል፣ መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽም ያግዛል። አሜሪካኖች ደግሞ ቀድሞ ከሳሳፍራስ ሥር ልጣጭ ይሠራ የነበረ፣ ሩት ቢር የሚሉት ጣፋጭ መጠጥ አላቸው። የፊላደልፊያው መድኃኒት ቀማሚ ቻርልስ ሃየርስ እ.ኤ.አ. በ1876 በከተማው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አስተዋወቀው፤ በ1960 ግን በሥሩ ውስጥ ያለው ሳፍሮል ለምግብ እንዳይውል ስለታገደ ዛሬ ጣዕሙ ከሌላ ነገር ይመጣል። ለሩት ቢር የሚቀርበው ዘመዳችን ጠላ ሳይሆን ቀሪቦ ነው። በጣም የተቆላ ገብስ ተፈልቶ ይጠለላል፤ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። ጣፋጭና አረፋማ ስለሆነ፣ አልኮሉም ኢምንት ስለሆነ በሙስሊሙ ሠርግና በዓል ላይ አይታጣም።

ወደ ጣሳው እንመለስ። ቀጂዋ መጀመሪያ ከጠላው ጥቂት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን በራሷ ማሳየቷ ነው። እንግዳው «እትዬ፣ ጉሹ ነው ፊልተሩ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም፤ ልዩነቱ ትልቅ ነውና። ጉሽ ገና ያልጠራ፣ ደፍራሳና ወፍራም ነው። ፊልተር ውሃ ያልበዛበት፣ ተጠልሎ የወጣ፣ ብርቱ ጠላ ነው። ቅራሪ ከድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ ዳግመኛ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ተራው ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ይይዛል፤ ፊልተር ከ5 በመቶ ሊያልፍ ስለሚችል በጣሳ ብዛት መፎካከር አያዋጣም።

ቀለሙን ስታዩ አቆላሉን እያያችሁ ነው፦ የጠቆረው አሻሮው የከረረበት፣ የቀላው እሳቱ የለዘበበት ነው። ስታሸቱት ወይራው ቀድሞ ይመጣል። ስትጎነጩ የገብሱ ቆሎ ቆሎ ማለት፣ ከዚያ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት፣ መጨረሻ ላይ ምላስ ሥር የሚቀር የጌሾ ምሬት ይከተላል። ምሬቱ ሌላውን ሁሉ ከዋጠው ጌሾው በዝቷል። ኮምጣጣነቱ ጉሮሮ ከያዘ ጠላው ከርሟል። ጭስ ብቻ ከሸተተ ደግሞ ጋኑ ከልክ በላይ ታጥኗል።

ሞላሌ የምትገኝበት ዞን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ መቀመጫ ናት፤ ጠርሙሱም ጭነት መኪና የገባበት ሁሉ ይደርሳል። ጠላ ግን መንገድ አይችልም። እርሾው ጋን ውስጥ ሥራውን ስለማያቆምና የተከፈተ ጋን በጥቂት ቀናት ስለሚቆመጥጥ፣ ጠጪው ወደ ጠማቂዋ ይሄዳል እንጂ ጠላው ወደ ጠጪው አይመጣም። ጽዋ ማኅበርም ቢሆን ተራው የደረሰው ቤት በራሱ ጋን ይጠምቃል። ፋብሪካ የሚመሰገነው ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት በመቅዳቱ ነው፤ ጠማቂ የምትመሰገነው ጠላዋ ከጎረቤቷ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ ሞላሌ የገባ ቀማሽ በአንድ ጣሳ ፈርዶ አይውጣ፤ ከሁለት ሦስት ቤት ትንሽ ትንሽ ይቅመስ፣ የማን እጅ እንደሆነም ይጠይቅ።