ከዋልካ ማሳ እስከ ኅብለ ሰረሰር፦ የጓያ ሽባነት ጉዳይ

በጎንደርና በጎጃም ደጋ፣ በወሎ ደላንታ፣ በምርኩዝ ተደግፈው በእግራቸው ጣት ጫፍ የሚራመዱ ሰዎች አሉ። ተረከዛቸው መሬት አይረግጥም። ጉልበታቸው ስለሚጋጭ አንዱ እግር ሌላውን እየተሻገረ መንገድ ይዘጋበታል። ከፊሎቹ አንድ ምርኩዝ ይበቃቸዋል፣ ከፊሎቹ ሁለት ይይዛሉ፤ የባሰባቸው በእጃቸው እየተረዱ ይድሃሉ። አብዛኞቹ በሽታው ሲይዛቸው ገና ወጣቶች ነበሩ፤ ከሴት ይልቅም ወንዱ ይበዛል። የአገሬው ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ ያውቀዋል፤ «ጓያ ይዞት ነው» ይላል።

እነዚህ ሰዎች አእምሯቸው ብሩህ ነው። ይናገራሉ፣ ያያሉ፣ እጃቸው ይሠራል፤ እሾህ ቢወጋቸው ወይም ውኃው ቢያቃጥላቸው እግራቸው ይሰማዋል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ እግርን እንዲንቀሳቀስ የሚያዘው የነርቭ መልእክት በቅጡ አይደርስም። በሽታው አይገድልም፤ የያዘው ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ዕድሜውን ይኖራል። ይህም ማለት በአንድ የረሃብ ዓመት የመጣ ጉዳት አርባና ሃምሳ ዓመት አብሮ ይኖራል ማለት ነው። ሕክምናው ላቲሪዝም ይለዋል።

ጓያን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ገበሬው ለምን እንደሚዘራው አስቀድሞ ይወቅ። ክረምቱ ሲወጣ፣ በዋልካ መሬት ላይ በቀረው እርጥበት ይዘራል። ውኃ ቢተኛበት ይችላል፣ ዝናብ ቢቀርም ይችላል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ናይትሮጂን እየጨመረ አፈሩን ያለማል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ነው። ዋጋው ከሽምብራና ከባቄላ ስለሚረክስ በከተማም ቢሆን በብዙ ቤት ሽሮ ውስጥ ይገባል። በደህና ዘመን ከእንጀራ ጋር የሚበላ የጓያ ሽሮ ማንንም አላሽመደመደም። ችግሩ የሚመጣው ጤፉና ገብሱ ከስሞ ጓያው ብቻውን ማሳ ላይ የቀረ ጊዜ ነው። ጓያ የምግቡን ሲሶና ከዚያ በላይ ይዞ ለሦስት ለአራት ወር ከተበላ አደጋው ይከተላል።

ይህ የኢትዮጵያ ዕጣ ብቻ አይደለም። በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1671 የጓያ ዱቄት በዳቦ ውስጥ እንዳይገባ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስፔናዊው ሠዓሊ ጎያ ስለ ጦርነት መከራ በሠራቸው ሥዕሎች መካከል አንዱ በጓያ ነፍሳቸውን ያቆዩ የማድሪድ ረሃብተኞችን ያሳያል። ላቲሪዝም የሚለውን ስም ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ1873 በኔፕልስ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ካንታኒ ናቸው።

ከሁሉም ልብ የሚሰብረው ግን የቫፕኒያርካ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ዛሬ የዩክሬን ግዛት በሆነው ስፍራ፣ ሮማንያ ባቋቋመችው ካምፕ ውስጥ የታሰሩ አይሁዳውያን እ.ኤ.አ. በ1942 መገባደጃ ለከብት መኖ የተቀመጠ ጓያ ዋና ቀለባቸው ተደረገ። ጥቂት ወራት ሳይሞላ በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች እግራቸው ከዳቸው። አብረዋቸው ታስረው የነበሩት ዶክተር አርተር ኬስለር ምንጩ ጓያው መሆኑን ለይተው ተናገሩ፤ እስረኞቹም ምግቡን አንበላም ብለው ቀለቡ እንዲለወጥ አደረጉ። ከካምፑ ከተረፉት ብዙዎቹ ኋላ እስራኤል ገብተው ኖሩ፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። በሽታው ከምግብ እንደሚመጣ፣ ምግቡ ቢቆምም የተጎዳው ነርቭ እንደማይመለስ የእነርሱ ሕይወት አረጋገጠ።

አንድ ጥራጥሬ እጅን ሳይነካ፣ አእምሮን ሳይነካ እግርን ብቻ ለይቶ የሚያሽመደምደው እንዴት ነው? መልሱን ለማግኘት ነርቭ ከነርቭ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

አንድ ሰው ለመራመድ እግሩን ሲያነሳ ትእዛዙ የሚነሳው ከአንጎል የላይኛው ቅርፊት፣ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች ከሚገናኙበት ከመሐል አናት አካባቢ ነው። እዚያ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት እንደ ማንኛውም ነርቭ ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሏቸው፦ የሕዋሱ አካል፣ ከሌሎች ነርቮች መልእክት የሚቀበሉ ዴንድራይት የሚባሉ ቅርንጫፎች፣ መልእክቱን ይዞ የሚወርድ አክሶን የሚባል አንድ ረጅም ክር። እግርን የሚያዝዘው ነርቭ አክሶን አንጎልን ለቆ ይወርዳል፤ ከአንጎል ግንድ ታችኛው ጫፍ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ ከዚያ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እስከ ወገብ ይዘልቃል። ወገብ ላይ ሁለተኛው ነርቭ ይቀበለዋል፤ እርሱ ከአከርካሪ ወጥቶ ጡንቻው ድረስ ይሄዳል። በዓይን የማይታየው ሕዋስ ከአናት እስከ ወገብ የሚደርስ ክር ተሸክሞ ይኖራል። ይህን ሁሉ ርዝመት መመገብና መጠገን ያለበት ያው አንድ ሕዋስ ነው።

መልእክቱ በክሩ ላይ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ነርቩ ሲያርፍ ውስጡ ከውጭው ይልቅ ወደ 70 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው። ሲነቃ በግድግዳው ላይ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተከፍተው ሶዲየም ይገባል፣ ወዲያው ፖታሲየም ይወጣል፤ ይህ ለውጥ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተላለፈ እስከ ጫፍ ይሮጣል። በስብ ሽፋን የተጠቀለሉት ፈጣኖቹ አክሶኖች በሰከንድ እስከ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ ያስኬዱታል።

ጫፉ ላይ ግን ኤሌክትሪኩ ይቆማል። አንዱ ነርቭ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ በመካከላቸው 20 ናኖሜትር የሚያህል ክፍተት አለ። ሳይንቲስቶች በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ጣሊያናዊው ጎልጂ ነርቮች ሁሉ የተያያዘ አንድ መረብ ናቸው ሲሉ፣ ስፔናዊው ካሃል እያንዳንዱ ነርቭ ራሱን የቻለ ሕዋስ ነው አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማቱን የተካፈሉት ሳይስማሙ ነው። እውነቱ ከካሃል ጋር ነበር። ክፍተቱን የሚሻገረው ኬሚካል እንደሆነ ደግሞ ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ አሳዩ፤ የአንዱን ልብ ነርቭ አነቃቅተው ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ በሌላው ላይ ሲያፈሱት ሁለተኛውም ልብ እንደ መጀመሪያው ዘገየ።

አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ «ተነሳ» የሚለውን መልእክት በብዛት የሚያደርሰው ኬሚካል ግሉታሜት ይባላል። ከአንዱ ነርቭ ጫፍ ይለቀቃል፣ ክፍተቱን ይሻገራል፣ በሌላው ነርቭ ላይ ባሉት ተቀባዮች ላይ ያርፋል፤ ተቀባዩ ይከፈትና ሶዲየም ይገባል፤ ሁለተኛው ነርቭ ይነቃል። ነገሩ እዚህ አያበቃም። ግሉታሜቱ ወዲያውኑ ከስፍራው መነሳት አለበት፤ በዙሪያው ያሉ ደጋፊ ሕዋሳት ስበው ያነሱታል። ነርቭ ለመንቃት የሚያስፈልገውን ያህል ለማረፍም ጊዜ ያስፈልገዋል። ማረፊያ ያጣ ነርቭ ካልሲየም ይሞላበታል፤ ኃይል ማመንጫው ይደክማል፤ በመጨረሻ ይሞታል።

የጓያ መርዝ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች ከጓያ ፍሬ ውስጥ ለይተው ያወጡት ቤታ ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ በቅርጹ ግሉታሜትን ይመስላል። አምፓ በሚባሉት የግሉታሜት ተቀባዮች ላይ ያርፍና ይከፍታቸዋል። ግሉታሜት በር አንኳኩቶ መልእክቱን አድርሶ የሚመለስ መልእክተኛ ከሆነ፣ ኦዳፕ እጁን ከበሩ ላይ የማያነሳ ነው። በዚያ ላይ ሕዋሱ ሲስቲን የተባለውን፣ ሰልፈር ያለውን ንጥረ ነገር የሚያስገባበትን መንገድ ያውካል። ሕዋስ ራሱን ከኦክስጅን ቃጠሎ የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የሚሠራው ከዚሁ ንጥረ ነገር ነው። ነርቩ ከመጠን በላይ እየተቀሰቀሰ ባለበት ሰዓት መከላከያው ያልቃል። ጓያ ራሱ ደግሞ ሰልፈር ባላቸው አሚኖ አሲዶች ደሃ ነው፤ እንግዲህ ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው መርዙን እየወሰደ ማርከሻውን አጥቷል። በበሽታው ክፉኛ የሚጎዳው ወደ እግር የሚወርደው ረጅሙ የትእዛዝ መንገድ ነው።

እግሩ ልፍስፍስ ሳይሆን ግትር የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፖሊዮ የሚገድለው ከወገብ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ሁለተኛውን ነርቭ ስለሆነ እግሩ ይላላል፣ ይሰልላል። ጓያ የሚጎዳው ከላይ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ነው። ከአንጎል የሚወርደው መስመር ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ማረጋጋትም ሥራው ነው። ያ ሲቋረጥ ወገብ ላይ ያሉት ነርቮች ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራሉ፤ ትንሽ ነገር ሲነካቸው ጡንቻውን ጨምድደው ይይዙታል። ተረከዝ መሬት እንዳይነካ የሚያደርገው ይህ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ አላየሁም የምትልበት ምክንያት የላትም። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በጎንደር አካባቢ የተነሳው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ አሳይተዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በድርቅ ምክንያት በደላንታና ዳውንት የተነሳውን ወረርሽኝ ደግሞ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት፤ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተጎድተው ነበር።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በደላንታ ቀጥለው የሠሩት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው መጽሔት ላይ የወጣው፣ በእኔ እምነት ለአገራችን ጤና ከተጻፉት እጅግ ጠቃሚ ገጾች አንዱ ነው። ማን ታመመ፣ ማን ተረፈ፣ ጓያውን እንዴት አድርገው በልተውት ነበር ብለው ጠየቁ። ጓያን በቆሎነት፣ በንፍሮነትና በጥሬ እሸትነት የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላት ግን ከበሽታው ጋር አልተያያዘም። ጓያውን ከእህል ጋር ደባልቀው የበሉ፣ ወጡንም እንደ ሽንኩርትና ዝንጅብል ባሉ ቅመሞች የሠሩ ሰዎች አደጋቸው ቀንሶ ነበር። ጤፍ፣ ገብስና ማሽላ ጓያ የጎደለውን ሰልፈር ያለው አሚኖ አሲድ ስለሚሰጡ የነርቩን መከላከያ ያቆያሉ። የነርቭ ሳይንሱና የእናቶች ማድቤት አንድ ነገር ተናገሩ።

ይህ እውቀት ግን ብዙ ቦታ አልደረሰም። በርካታ ገበሬዎች ዛሬም በሽታው የሚይዘው ጓያው ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት፣ ወይም በጓያ ማሳ ውስጥ በማለፍና ገለባው ላይ በመተኛት ነው ብለው ያምናሉ። እናት እንፋሎቱ እንዳይነካት ተጠንቅቃ ስታበስል፣ ከብት የሚጠብቀው ልጇ ግን ቀኑን ሙሉ እሸቱን እየፈለፈለ ሊበላ ይችላል። ፍርሃቱ አለ፤ ያነጣጠረው ግን በተሳሳተው ቦታ ላይ ነው። ጓያውን አስቀድሞ ዘፍዝፎ፣ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ብዙውን ያስወግዳል፤ በድርቅ ዓመት ግን ውኃውም ማገዶውም የለም። ምክሩ የሚሰጠው ጉድጓዱ ከደረቀ በኋላ ከሆነ ምን ይጠቅማል?

መከልከልም መድኃኒት አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ ብትከለክልም ገበሬው መዝራቱን፣ ድሃውም መብላቱን አልተወም። ኦዳፕ የቀነሰላቸው ዝርያዎች ተዳቅለዋል፤ በአገራችንም ዋሴ የተባለው ዝርያ ለገበሬ ተለቋል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ዘሩ ከነባሩ ጋር በቀላሉ ይዳቀላል፤ የመርዙ መጠንም እንደ አፈሩና እንደ አየሩ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ለታመሙት ደግሞ የጡንቻን ግትርነት የሚያላሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱን ሐኪሞቻችን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ አገር ፈትነው ጥቅሙን አሳይተዋል። የሞተን ነርቭ የሚመልስ ግን የለም።

የእኛ አሠራር የጓያ ነቃይ ሆኖ ኖሯል፤ የፊት የፊቱን ብቻ ያያል። ረሃቡ ሲመጣ የሞተው ይቆጠራል፣ የከሳው ሕፃን ይመዘናል። ከሦስት ወር በኋላ እግሩ የሚከዳው የአሥራ አምስት ዓመት እረኛ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። የእርዳታ እህል ከጓያው በኋላ ሲደርስ ነፍስ ያተርፋል፤ ከጓያው ቀድሞ ሲደርስ ነርቭንም ያተርፋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለግብርና፣ ለጤናና ለአደጋ መከላከል ሥራ ኃላፊዎች ነው። ጓያ በብዛት የሚዘራባቸው ወረዳዎች የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች ዝናቡ መቅረቱና ገበያው ላይ ጓያ ብቻ መቅረቱ እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ይቆጠር፤ እህሉም ቤተሰቡ ወደ ጓያ ብቻ ሳይገባ ይላክ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «እንፋሎቱ አይደለም፤ ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን ቀንሱ፤ ከእህል ደባልቁ» የሚለውን በየቤቱ ይንገሩ። ባታቸው የሚኮማተር፣ እግራቸው የሚከብዳቸው ወጣቶች በጤና ጣቢያ ይመዝገቡ፤ በዚያ ሰዓት ጓያውን ማቆም የከፋውን ደረጃ ሊያስቀር ይችላልና። እናንተም ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በክፉ ዓመት ገንዘብ ስትልኩ ጓያው የሚደባለቅበት እህል እንዲገዛበት አደራ በሉ።