ሁለት መቶ አምፔር

ኢትዮጵያና ኬንያ በሚዋሰኑባት ሞያሌ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ፀጉር ቤቱ ቶንዶሱን አያቆምም። የሞባይል ጠጋኙም ካውያውን አያቀዘቅዝም፤ ጠረጴዛው ሥር ያለውን ቁልፍ ጫን ያደርግና ሥራውን ይቀጥላል። የድንበር ኬላው ላይ ወረፋ የሚጠብቀው የጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ጋቢናው ውስጥ ፊልም እያየ ነው። ኬንያ ውስጥ ያለችው ሞያሌ ለዓመታት የኢትዮጵያን መብራት ስትገዛ የኖረች ከተማ ናት፤ ስለዚህ ከወዲያ ሲቋረጥ ከወዲህም ይጨልማል። ያን ጊዜ ሁለቱንም ወገን የሚያገለግለው ኢንቨርተር የሚባለው የብረት ሳጥን ነው። ከዕቃ ሁሉ ምስጋና ያልደረሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ የባትሪን 12 ወይም 24 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኮረንቲ ወስዶ የግድግዳ ሶኬት ወደሚሰጠው 230 ቮልት ገደማ ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን ወደሚቀያይር ኮረንቲ ይለውጣል። ርካሹ ዓይነት ሞገዱን ደረጃ ደረጃ አድርጎ ስለሚያወጣው ማራገቢያና ፍሪጅ ያጉረመርሙበታል፣ ሞተራቸውም ይሞቃል። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው ውድ ነው፣ ግን ይሻላል። ስለ አሠራሩ ይህን ያህል ይበቃል።

ይህ ሳጥን በአካባቢው አንድ ግዙፍ ዘመድ አለው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ የኬንያዋ ሞያሌ ያለችበትን ማርሳቢት ካውንቲ ሰንጥቆ፣ ከናይሮቢ በስተምዕራብ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እስካለው ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ መስመር በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር፣ ኮረንቲውን የተሸከመው እንደ ባትሪ በዲሲ ነው። ሶዶ ላይ ኤሲው ወደ ዲሲ ይለወጣል፤ ሱስዋ ላይ ዲሲው ተመልሶ ኤሲ ይሆናል። ኃይሉ ወደ ኬንያ በሚፈስበት ጊዜ የሱስዋ ጣቢያ ማለት እንግዲህ ሜዳ የሚያክል ኢንቨርተር ነው። እንዲህ ያለው መስመር መሐሉ ላይ ሌላ መለወጫ ጣቢያ ካልተሠራለት ኃይል አይቀዳበትምና ማርሳቢትን አቋርጦ ሲያልፍ ለሞያሌ አንዲት አምፖል እንኳ አያበራም። የጋቢናው ሳጥን ባይኖር ምን ይበጅ ነበር!

አሁን ሒሳቡ ይምጣ። ኬንያ ከዚህ መስመር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተዋዋለችው 200 ሜጋ ዋት ነው። የመስመሩ ሁለት ዋልታዎች አንዱ በ500 ሺህ ቮልት ከዜሮ በላይ፣ ሌላው በ500 ሺህ ቮልት ከዜሮ በታች ስለሚሠሩ በመካከላቸው አንድ ሚሊዮን ቮልት አለ። ሁለት መቶ ሚሊዮን ዋት ለአንድ ሚሊዮን ቮልት ሲካፈል 200 አምፔር ይሆናል። በሌላ በኩል አንድ ሾፌር 2,000 ዋት ኢንቨርተር ገዝቶ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ቢያስርና በሙሉ አቅሙ ቢያሠራው፣ ሳጥኑ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር ከባትሪው የሚስበው 190 አምፔር ገደማ ነው። በአየር ላይ ለአገር የሚሄደው ኮረንቲና ከመቀመጫው ሥር ለውኃ ማፍያ የሚሄደው ኮረንቲ በአምፔር ሲለኩ እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም!

ሾፌሩ ግን ይህን ሲሰማ ይስቃል። «አሥራ ሁለት ቮልት እኮ ነው፤ በእጅ ቢይዙትስ ምን ያደርጋል?» እውነቱን ነው፣ አይነዝርም። የሚፈራው በ230ው ወገን ያለውን ሶኬት ነው፤ እሱም ልክ እንደ ግድግዳው ስለሚገድል መፍራቱ ተገቢ ነው። እሳቱ የሚነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማይነዝረው ወገን ነው። ሽቦን የሚያግለው የሚያልፍበት አምፔር እንጂ ቮልቱ አይደለም፤ ያውም አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

የባትሪው ራስ ላይ በደንብ ያልጠበቀ ወይም የዛገ ማሰሪያ አለ እንበል፤ ተቃውሞው የኦም አንድ መቶኛ ብቻ ይሁን። በ230ው ወገን 2,000 ዋት የሚያልፈው በ9 አምፔር ገደማ ስለሆነ እንዲህ ያለው ማሰሪያ አንድ ዋት እንኳ ሙቀት አያወጣም። በባትሪው ወገን በ190 አምፔር ግን ያው ማሰሪያ 360 ዋት ያወጣል። ፕላስቲክ ሊያቀልጥ፣ አጠገቡ ያለውን ምንጣፍ ሊያቃጥል ይበቃዋል። በዚህ ላይ ሁለት ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ኢንቨርተሩ ጋ የሚደርሰው 10 ቮልት ብቻ ነው። አብዛኞቹ ሳጥኖች ደግሞ ቮልቱ ከ10.5 አካባቢ ሲወርድ ጮኸው ይጠፋሉ። ባለቤቱ «ባትሪው ሞቷል» ብሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ አዲሱም ይጮኻል። ስንት ጤነኛ ባትሪ እንዲህ ሆኖ በግማሽ ዋጋ ተሸጧል!

ስለዚህ ሽቦው ወፍራም ይሁን። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ለዚህ ክር ማለት ነው፤ ለ2,000 ዋት በ12 ቮልት 70 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ርዝመቱም ከሁለት ሜትር የማይበልጥ ገመድ ያስፈልጋል። ከሳጥኑ ጋር በካርቶን የሚመጣው ቀጭን ገመድ ለማስጌጫ የተጨመረ ይመስላል።

ፊውዝም አለ። የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ኢንቨርተሩን አይደለም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። «ሳጥኑ ውስጥ ፊውዝ አለው» የሚል ሰው ከባትሪው እስከ ሳጥኑ ያለውን ሽቦ በሙሉ ያለጠባቂ ትቶታል። የመኪና ሻሲ ደግሞ ራሱ ኔጌቲቭ ነው፤ በመንገዱ መንገጫገጭ ቀዩ (ፖዘቲቩ) ሽቦ ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ልባሱ ከተላጠ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። በመርከብ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያከብሩታል፤ ባሕር መሐል እሳት ሲነሣ መሸሻ የለማ። የአሜሪካ የጀልባና ያት ምክር ቤት ደንብ በመሠረቱ ፊውዙ ከባትሪው በ7 ኢንች፣ ማለትም በ18 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ እንዲሆን ያዛል፤ የተለየ መሸፈኛ ላለው ሽቦ ብቻ ርቀቱን ያሰፋዋል። ከኢሲዮሎ ሞያሌ የሚመላለሰው ሾፌርም ቢቀበለው ምንም አይጎዳውም።

ብዙዎቹ የጭነት መኪኖች ሁለት 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ታስሮላቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ርካሽ 12 ቮልት ኢንቨርተር የገዛ ሰው ታዲያ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይስባል። ያ ባትሪ ዘወትር ይራባል፣ ጓደኛው ከመጠን በላይ ይጠግባል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ያልቃሉ። 24 ቮልት ኢንቨርተር መግዛት ይህን ያስቀራል፣ አምፔሩንም በግማሽ ይቀንሰዋል።

የቤቱን መብራት ለማብራት ብሎ ሁለት ወንድ ሶኬት በገመድ ጫፍና ጫፍ አስሮ ከኢንቨርተሩ ወደ ግድግዳ የሚሰካ ሰው ደግሞ ጥቂት ተግሣጽ አይበቃውም። መብራት ሲመለስ ኢንቨርተሩ ይቃጠላል፤ ሳይመለስ ደግሞ ያልተሰካው የገመዱ ጫፍ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

ድንበር ላይ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ኬንያ የምትጠቀምበት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ መሰኪያ በውስጡ የራሱ ትንሽ ፊውዝ አለው፤ የኢትዮጵያው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ የለውም። የኢንቨርተሮች ሶኬት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ስለሚቀበል ሰው ልዩነቱን አያስተውለውም፤ የኢትዮጵያ የግድግዳ ሶኬት ሲገጥመው ግን የኬንያውን መሰኪያ «አይገባም» ብሎ ቆርጦ በክቡ ይተካዋል፣ ወይም የተላጠ ሽቦ በክብሪት እንጨት ወትፎ ያስገባል። ተቆርጦ የሚጣለው ቁራጭ ውስጥ ያ ፊውዝ፣ ብዙውን ጊዜ 13 ወይም 3 አምፔር የሆነው፣ እንዳለ ነው።